በአንድ ቀን ሩጫ ማን ይበልጣል?

«ማን ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ ሰው ሁሉ በቀላሉ የሚጀምረው፤ ነገር ግን በቀላሉ የማይጨርሰው ክርክር ነው። ተማሪው በመኝታ ክፍሉ፤ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው በሻይ ሰዓቱ፤ ሾፌሩም ከረዳቱ ጋራ ይከራከርበታል። ሌላውም ዓለም ቢሆን ከዚህ አልዳነም። እንግሊዞች ጀምረውት ሕንዶችና የካሪቢያን ደሴቶች ሰዎች የወረሱት ክሪኬት የሚባል ጨዋታ አለ፤ ከዚህም ጨዋታ ውስጥ በአንድ ቀን ተጀምሮ በዚያው ቀን የሚያልቅ ዓይነት አለ። የሕንዱ ሳቺን ቴንዱልካር በዚህ በአንድ ቀኑ ጨዋታ 18,426 ነጥብ አስመዝግቦ ከሁሉ በላይ ተቀምጧል፤ የአንቲጓው ቪቭ ሪቻርድስ ግን ያለው 6,721 ነው፤ ይኸውም ከሲሶው ጥቂት ከፍ ቢል ነው። ታዲያ ቁጥሩ እንዲህ ተራርቆ ሳለ «የለም፤ ሪቻርድስ ይበልጣል» ብለው የሚሟገቱ ሰዎች ቁጥራቸው ትንሽ አይደለም። እኛም ይህን ስንሰማ አልገረመንም፤ የእኛው ክርክር ከዚህ የባሰ ነውና።

የእኛ የአንድ ቀን ጨዋታ ማራቶን ነው። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር። ሯጩ ለዚህች አንድ ቀን ወራት ሙሉ ሲዘጋጅ ይከርማል፤ ቀኗም ከሁለት ሰዓት በጥቂት ከፍ ብላ ታልቃለች። ከተሸነፈ ነገ ልሞክር አይልም። የዛሬውም ጽሑፋችን በዚህ በማራቶን ላይ ብቻ የቆመ ስለ ሆነ፤ በሞስኮ ሁለት ወርቅ ያገኘውን ምሩጽ ይፍጠርን የመሰለ ሰው እንኳ ከክርክሩ ውጭ ማድረጋችንን አንባቢ እንዲረዳልን እንለምናለን። ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ነገሩን ያነሣሣብን በምዕራብ ሸዋ የሰማነው ሙግት ነው። በቅርቡ ለጉዳይ ወደ አምቦ አካባቢ ሄደን ሳለ፤ የአምቦን አውራ ጎዳና ትተን ወደ ሰሜን ገባ በማለት በጀልዱ ወረዳ ዋና ከተማ በጎጆ አንድ ቀን አድረን ነበር። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብሱና ድንቹ ይበቅልበታል፤ ብርዱም እንግዳ አያከብርም። (ከተማይቱ ስሟ ጎጆ ይሁን እንጂ ያረፍንበት ቤት ቆርቆሮ የለበሰ ነበረ።) ማታ ሻይ ቤት ገብተን ስንቀመጥ በአጠገባችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ አንድ የስፖርት መምህር፣ ከወረዳው መሥሪያ ቤቶች በአንደኛው በቅርቡ የተቀጠረ አንድ ወጣትና ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሙግቱ የጀመረው እኛ ከመግባታችን በፊት ነው።

«ሰዓቱን አይታችሁ ፍረዱ እንጂ!» ይላል አንደኛው ተማሪ። «ቀነኒሳ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ ሮጧል። ከኢትዮጵያውያን ከዚህ ያነሰ ሰዓት ያለው ማን ነው?»

«አንተ ልጅ፤» አለ መምህሩ፤ «ሰዓት በአንገት ላይ ይንጠለጠላል? ሜዳልያውን ቁጠር።»

ሽማግሌው ዝም ብለው ቆዩና፤ «አበበ በባዶ እግሩ ነው የሮጠው፤» አሉ። ነገሩ ለእርሳቸው በዚህ አልቋል።

እንግዲህ ሦስቱም ወገን የያዘው እውነት አለ፤ ግን ሦስቱም እስከ መጨረሻው አያደርስም።

የሰዓቱ ወገን በወጣቶች ዘንድ ብዙ ተከታይ አለው፤ ቁጥር አያዳላም ይላሉና። በእርግጥም ቀነኒሳ በቀለ መስከረም 18 ቀን 2012 ዓ.ም. በበርሊን ያን ሰዓት ሲሮጥ፤ በዚያን ጊዜ ከነበረው ከኬንያዊው ከኤሊዩድ ኪፕቾጌ ክብረ ወሰን የዘገየው 2 ሴኮንድ ብቻ ነው። ከእርሱ በፊትም ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በዚያችው በበርሊን የዓለምን ክብረ ወሰን ሁለት ጊዜ ሰብሯል። የመጀመሪያው አዲሱ ሺህ ዓመት በገባ በ19ኛው ቀን፤ መስከረም 19 ቀን 2000 ዓ.ም.፤ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ነበረ። በዓመቱ ደግሞ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ በመሮጥ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሻምበል አበበ ቢቂላ ሮም ላይ የሮጠው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ነው። ሁለቱን በየአማካይ እርምጃቸው በአንድ መንገድ ላይ ብናስነሣቸው፤ ቀነኒሳ በሚጨርስበት ሰዓት አበበ ገና ከ4 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ይቀረው ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን ይህን ሒሳብ የሠራ ሰው ሌላውንም ሒሳብ መሥራት አለበት። የበርሊን መንገድ ሜዳ ነው፤ አሯሯጮችም ተቀጥረው ከፊት ሆነው ነፋሱን እየከፈሉ እርምጃውን ይለካሉ። በኦሎምፒክ ግን አሯሯጭ የለም። ከዚህ በቀር የዛሬው ጫማ የትናንቱ ጫማ አይደለም፤ ሶሉ ወፍራም ሆኖ ሳለ እንደ ላባ የቀለለ ነው፤ በውስጡም የካርቦን ዝርግ ገብቶበት እግርን ወደ ፊት ይመልሳል። ነገሩ እጅግ ስለ በዛ የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በ2012 ዓ.ም. የሶሉ ውፍረት ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ደንብ እስከ ማውጣት ደረሰ። የሽማግሌው ቃል እዚህ ላይ ነው ዋጋ የሚያገኘው፤ የአበበ ሶል ውፍረት ባዶ ነበረና።

ሰዓትን በሰዓት ማወዳደር እንዲህ የሚያስቸግር ከሆነ፤ የሚሻለው መለኪያ «ያ ሰዓት ስንት ዘመን ሳይሰበር ቆየ?» ብሎ መጠየቅ ይመስለናል። ሯጩን ከልጅ ልጆቹ ጋራ ሳይሆን ከእኩዮቹ ጋራ የሚለካው ይህ ነው። በዚህ መለኪያ ከሄድን ደግሞ በሻይ ቤቱ ማንም ያላነሣው ሰው ብቅ ይላል። በላይነህ ዴንሳሞ ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በሮተርዳም 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘ። ይህ ሰዓት የተሰበረው መስከረም 10 ቀን 1991 ዓ.ም. በብራዚላዊው በሮናልዶ ዳ ኮስታ ነው። ዐሥር ዓመት ከአምስት ወር! የኃይሌ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 የቆየው ሦስት ዓመት ያህል ነው፤ አበበ በቶኪዮ የያዘው ክብረ ወሰንም ስምንት ወር እንኳ አልሞላውም። ታዲያ የበላይነህ ስም በሻይ ቤቱ ያልተነሣው ስለ ምንድር ነው? ሜዳልያ ስለሌለው ነው።

ሜዳልያው ለምን እንደሌለው ግን መምህሩን ጠይቀነው በቂ መልስ አላገኘንም። ኢትዮጵያ በ1968 ዓ.ም. ወደ ሞንትሪያል፤ በ1976 ዓ.ም. ወደ ሎስ አንጀለስ፤ በ1981 ዓ.ም. መግቢያም ወደ ሴኡል ኦሎምፒክ አልሄደችም። ምክንያቱ በየጊዜው የተለያየ የፖለቲካ ጉዳይ ነው። በላይነህ ክብረ ወሰኑን በሰበረ በአምስት ወሩ የሴኡል ጨዋታ ሲከፈት፤ የዓለም ፈጣኑ የማራቶን ሯጭ በአገሩ ቁጭ ብሎ ነበር። በሮተርዳም ከእርሱ በ17 ሴኮንድ ዘግይቶ ሁለተኛ የገባው የጅቡቲው አሕመድ ሳላህ ሴኡል ሄዶ ነሐስ ይዞ ተመለሰ። እንግዲህ ሜዳልያ ብቻ ይቆጠር የሚል ሰው በላይነህን የሚቀጣው ባልሠራው ጥፋት ነው። ይህን ለወጣት ሠራተኞች አጥብቀን የምንነግራቸው፤ በመሥሪያ ቤትም ቢሆን ሰው በወረቀቱ ብቻ ሲመዘን እንዲህ ያለ ነገር ስለሚደርስ ነው።

ይሁን እንጂ የሜዳልያውም ወገን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ገዛኸኝ አበራ መስከረም 21 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ወርቅ ሲያገኝ ገና የ22 ዓመት ልጅ ነበረ። በዚያው ዓመት በክረምቱ በካናዳ በኤድመንተን ኬንያዊውን ሳይመን ቢዎትን በአንድ ሴኮንድ ቀድሞ የዓለም ሻምፒዮና ሆነ። ኦሎምፒክንም የዓለም ሻምፒዮናንም በማራቶን ያሸነፈ የመጀመሪያው ወንድ እርሱ ነው። ከእርሱ በኋላ ኢትዮጵያ በወንዶች ማራቶን ሌላ የኦሎምፒክ ወርቅ ለማግኘት 24 ዓመት ጠብቃለች፤ እርሱንም ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ያመጣው ታምራት ቶላ በመጀመሪያ ተጠባባቂ ሆኖ የተያዘ፤ ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲቀር በእርሱ ቦታ የገባ ሰው ነው። ዳገት በበዛበት መንገድ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ሮጦ የኦሎምፒክን ክብረ ወሰን ሰበረ። ቀነኒሳ በዚያው ቀን በ42 ዓመቱ ተሰልፎ 39ኛ ወጣ። ኃይሌም በኦሎምፒክ ማራቶን ከቶ አልሮጠም፤ በቤይጂንግ አየሩን ፈርቶ ትቶታል።

አሁን ወደ አበበ እንምጣ።

እኛ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ጥቂት ጊዜያችን ስለ ሆነ አበበን ያየነው በፊልም ብቻ ነው። ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሮምን ነው፤ የሮሙም ቀን በእውነት የማይረሳ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበረ። ሩጫው የተጀመረው ሙቀቱን ለመሸሽ ወደ ማታ ነው፤ ሯጮቹ በመጨረሻ በጥንታዊው በአፒያ ጎዳና ሲመለሱ ወታደሮች ግራና ቀኝ ችቦ ይዘው ያበሩላቸው ነበር። አበበ 26 ቁጥር የለበሰውን የሞሮኮ ሯጭ ራዲ ቤን አብደስላምን እንዲጠብቅ ተነግሮት፤ ራዲ ግን የለበሰው 185 ስለ ነበረ አብሮት የሚሮጠው ሰው ማን እንደ ሆነ ሳያውቅ ብዙ መንገድ ሄደ ይባላል። ኢጣልያኖች ወስደው ያቆሙት የአክሱም ሐውልት ባለበት አደባባይ አልፎ፤ ሞሮኳዊውን በ25 ሴኮንድ ቀድሞ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። በዚያው ሩጫ ሌላው አበበ፤ አበበ ዋቅጅራ፤ ሰባተኛ መውጣቱን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ሮም ታሪክ ነው፤ ቶኪዮ ግን ሩጫ ነው። በእኛ አስተያየት ከሁለቱ የሚበልጠው የቶኪዮው ነው፤ በዚህም ከብዙ ሰው ጋራ እንደምንለያይ እናውቃለን። በሮም ማንም አላወቀውም፤ የማይታወቅ ሰው ደግሞ ማንም አይከተለውም፤ ማንም አያደባበትም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ሲሰለፍ ግን ዓለም ሁሉ የሚጠብቀው እርሱን ነበር። ሩጫው አምስት ሳምንት ሲቀረው ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ወጥቶለታል። እንዲህም ሆኖ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሮጠ፤ ሁለተኛው እንግሊዛዊው ቤዚል ሂትሊ የገባው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። አበበ በዚህ መካከል በሜዳው ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ሲያፍታታ፤ እግሩን ወደ ላይ ሲያነሣና ሲጥል ይታያል። በማራቶን አራት ደቂቃ ማለት ለሌሎቹ ሜዳልያ ብቻ የሚቀር ሩጫ ማለት ነው። ከዚያ በፊት በኦሎምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ማንም አልነበረም።

ለጎጆው ሽማግሌ ይህን ስንነግራቸው፤ «ቶኪዮ በጫማ ነው አይደል?» ብለው ጠየቁን። አዎን፤ በጫማ ነው። «እንግዲያስ፤» አሉና ሻያቸውን ጠጡ። ልናሸንፋቸው አልቻልንም።

ከአበበ ቀጥሎ የሚነሣው ሻምበል ማሞ ወልዴ ነው፤ ግን ዘወትር «ቀጥሎ» መባሉ ይቆጨናል። ሰዎች ስለ ማሞ ሲናገሩ በሜክሲኮ አበበ እግሩን ታሞ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ሲያቋርጥ የእርሱን ቦታ ተክቶ እንደ ሮጠ አድርገው ያወራሉ፤ ወርቁ የአበበ ሆኖ ሳለ በአደራ የተቀበለው ይመስል። ማሞ ግን አበበ ሳይታወቅ በፊት የኦሎምፒክ ሯጭ ነበረ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በገባችበት በሜልበርን በ1949 ዓ.ም. በ800 ሜትር፣ በ1,500 ሜትርና በዱላ ቅብብል ሮጧል። በቶኪዮ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ። በሜክሲኮ ጥቅምት 3 ቀን 1961 ዓ.ም. በዚሁ ርቀት ከኬንያዊው ከናፍታሊ ቴሙ በስድስት ዐሥረኛ ሴኮንድ ተቀድሞ ብር አገኘ፤ በሳምንቱ ማራቶን ገብቶ ጃፓናዊውን ኬንጂ ኪሚሃራን ከሦስት ደቂቃ በላይ ጥሎት ወርቅ ወሰደ። ከ800 ሜትር ተነሥቶ እስከ 42 ኪሎ ሜትር የሄደ እግር ነው።

«ሜክሲኮ ከፍተኛ አገር ስለ ሆነ ለእርሱ አመቸው» የሚሉም አሉ። የሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ነው፤ ከአምቦ ከተማ ከፍታ እምብዛም አይርቅም። አየሩ በእርግጥ ለደገኛ ያግዛል፤ ነገር ግን በአራት ዓመቱ በጀርመን አገር በሙኒክ ደጋ አልነበረም። ማሞ በዚያ በ40 ዓመቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ ሮጦ ነሐስ አገኘ፤ ይኸውም ከአበበ የሮም ሰዓት የፈጠነ ነው። ቀኑንም ልብ ይሏል፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ነበረ፤ ከሮም ልክ በ12 ዓመቱ በዚያችው የዋዜማ ቀን።

በሻይ ቤቱ ከተማሪዎቹ መካከል አንዲት ልጅ ነበረች፤ እስከዚህ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ወደ ሽማግሌው ዞር ብላ፤ «አባባ፤ እስካሁን የጠራችኋቸው ሁሉ ወንዶች ናቸው፤» አለቻቸው። እርሳቸውም፤ «እውነትሽን ነው ልጄ፤ እስቲ አንቺ ጥሪ፤» አሏት። የጠራችው ፋጡማ ሮባን ነው። መልካም መርጣለች። የሴቶች ማራቶን ወደ ኦሎምፒክ የገባው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ፋጡማ ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም. በአትላንታ ስትሮጥ ርቀቱ ለሴቶች ገና አራተኛ ጊዜው ነበረ። ከፊት ወጥታ ብቻዋን ሮጠች፤ ያለፈውን ጊዜ አሸናፊ ሩስያዊቷን ቫለንቲና ዬጎሮቫን በሁለት ደቂቃ ቀድማ ገባች። በኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ናት። ቀጥላም ዳገቱ በታወቀው በቦስተን ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸነፈች። በ2004 ዓ.ም. በለንደን ደግሞ ቲኪ ገላና በዝናብ መካከል ወድቃ ተነሥታ ወርቁን ወስዳለች።

የሰዓቱን ወገን የበለጠ የሚያስጨንቀው ግን የትግስት አሰፋ ነገር ነው። ትግስት በሪዮ ኦሎምፒክ የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በበርሊን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ሮጣ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ዝቅ አደረገችው። ይህ ሰዓት ሻምበል አበበ በቶኪዮ ከሮጠው በ18 ሴኮንድ ይፈጥናል! ክብረ ወሰኑን በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች ብታሻሽለውም፤ ለክርክራችን የሚያስፈልገን ይህ ማነጻጸሪያ ነው። ትግስት ከአበበ ትበልጣለች ልንል ነውን? የሰዓቱ ተማሪ ይህን ስንጠይቀው፤ «ያ ሌላ ነው፤ የእርሷ ጫማ…» ብሎ ጀመረና አቋረጠ። የትግስት ጫማ በእርግጥ 138 ግራም ብቻ የሚመዝን ነበረ። ነገር ግን ጫማው ለትግስት ሰበብ ከሆነ ለቀነኒሳም ሰበብ ሊሆን ነው።

ጎጆ ላይ ተቀምጦ ስለ ማራቶን ተከራክሮ፤ የፈይሳ ሌሊሳን ስም ሳይጠሩ መነሣት አይቻልም። ፈይሳ የተወለደው በዚሁ በጀልዱ ወረዳ በ1982 ዓ.ም. ነው። በ20 ዓመቱ በሮተርዳም 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ሮጦ አራተኛ ወጣ። በ2003 ዓ.ም. በደቡብ ኮርያ በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ፤ በ2005 ዓ.ም. በቺካጎ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ52 ሴኮንድ ሁለተኛ፤ በ2008 ዓ.ም. የቶኪዮ ማራቶን አሸናፊ። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኪፕቾጌን ተከትሎ ሁለተኛ ገባ፤ አሜሪካዊውን ጌለን ራፕን በ11 ሴኮንድ ቀድሞ። የመጨረሻውን መስመር ሲያልፍ ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ አሳየ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከዚሁ ከምዕራብ ሸዋ፤ ከጊንጪ፤ ጀምሮ በኦሮሚያ የተዛመተው ተቃውሞና በእርሱም የጠፋው የሰው ሕይወት ነበር ምልክቱ። ከሩጫው በኋላ ቢመለስ ለሕይወቱ እንደሚያሠጋው ለጋዜጠኞች ተናግሮ ወደ አገሩ ሳይመለስ አሜሪካ ቀረ፤ የተመለሰውም ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው።

ከወረዳው መሥሪያ ቤት የመጣው ወጣት እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ነበር። «እኔ በዚያን ጊዜ ተማሪ ነበርሁ፤» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ነበር፤ ግን ደስ ብሎኛል ብሎ ጮክ ብሎ መናገር ያስፈራ ነበር። ለእኔ የሚበልጠው እርሱ ነው። ሌሎቹ ሲያሸንፉ ተሸለሙ፤ እርሱ ግን ሜዳልያውን ባገኘበት ደቂቃ አገሩን አጣ።»

መምህሩ ራሱን ነቀነቀ። «ወዳጄ፤ እኔም የዚህ አገር ልጅ ነኝ። ግን ሯጭ የሚለካው በእግሩ ነው። እጁን ብታመጣ ክርክሩ ሌላ ክርክር ሆነ።»

ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ። ከሁለቱ ለአንዱ መፍረድ ለእንግዳ ሰው አይመችም ነበር፤ ቢሆንም አስተያየታችንን ተጠይቀን ተናገርን፤ አሁንም እንጽፈዋለን። ወጣቱ ስለ ዋጋው የተናገረው እውነት ነው፤ ከ26 እስከ 28 ዓመት ያለው ዕድሜ ለማራቶን ሯጭ ጉልበቱ ነው፤ ፈይሳ ያን ዕድሜ ያሳለፈው ከአገሩ ርቆ ነው። መምህሩም የተናገረው እውነት ነው፤ በሩጫ ብቻ ከተመዘነ ፈይሳ ከአበበና ከማሞ አጠገብ አይቀመጥም። ነገር ግን መምህሩ እጅና እግርን እንዲህ አድርጎ መለየቱን አልተቀበልነውም። እግሩ ሁለተኛ ባያስገባው ኖሮ እጁን ማን ያየው ነበር? 20ኛ የወጣን ሰው ካሜራ አይከተለውም። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ማሞ ከማሸነፉ አራት ቀን በፊት፤ ሁለቱ ጥቁር አሜሪካውያን ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ ጡጫቸውን ሲያነሡ ዓለም ያያቸው በ200 ሜትር አንደኛና ሦስተኛ ስለ ወጡ ነው፤ ከጨዋታውም ተባረሩ። ለስሚዝ የሩጫ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ጡጫውን ብቻ ጽፎ 19 ሴኮንድ ከ83 መሮጡን ቢተወው ይበድለዋል። ፈይሳንም እጁን ብቻ የሚያስታውሱለት ወዳጆቹ በዚህ ይበድሉታል።

አንድ ነገር ደግሞ በሻይ ቤቱ ማንም ልብ አላለውም ነበር። የኢትዮጵያ ወንዶች በኦሎምፒክ ማራቶን እስከ ፓሪስ ድረስ ያገኙትን ሜዳልያ ብንቆጥር፤ ወርቅ አምስት ነው፤ ሁለቱ የአበበ፣ ከዚያም የማሞ፣ የገዛኸኝና የታምራት፤ ነሐስ ደግሞ ሦስት ነው፤ የማሞ፣ በሲድኒ የተስፋዬ ቶላና በቤይጂንግ የፀጋዬ ከበደ። ብር ግን አንድ ብቻ ነው፤ የጀልዱው ልጅ ያመጣው። ይህን ስንናገር ተማሪዎቹ በጣታቸው ቆጠሩት፤ መምህሩም ደግሞ ቆጠረው፤ ልክ ሆነ። ወጣቱ ሠራተኛ ሣቀና ሌላ ሻይ አዘዘልን።

ደረጃ ስጡ ከተባልን እንግዲህ እንዲህ እንሰጣለን። በአንድ ቀን ውስጥ ከተሮጡት የኢትዮጵያውያን ሩጫዎች ሁሉ የአበበ የቶኪዮው አንደኛ ነው። ከሮም ይልቅ ቶኪዮን በማለታችን የሚቆጣ አንባቢ ደብዳቤ ይጻፍልን፤ «በባዶ እግሩ» የሚለውን ክርክር ግን ከጎጆው ሽማግሌ ሰምተነዋልና ሌላ ይፈልግልን። ሁለተኛውን ለማሞ እንሰጣለን፤ የሜክሲኮንና የሙኒክን ባንድ ላይ አድርገን። ሦስተኛው የፋጡማ የአትላንታው ነው። አራተኛው ላይ ከባልደረቦቻችን ጋራ አልተስማማንም፤ እነርሱ የቀነኒሳን የበርሊን ሩጫ ይላሉ፤ እኛ የበላይነህን የሮተርዳሙን። ቀነኒሳ ከትራክ ጋራ ባንድ ላይ ቢመዘን ማንም አይደርስበትም፤ ትራኩን ግን ገና ከመነሻችን ከክርክሩ አውጥተነዋል። ገዛኸኝና ታምራት ከዚያ ቀጥለው ይመጣሉ፤ ትግስት ግን ገና በመሮጥ ላይ ስላለች ቦታዋን አንዘጋባትም። የፈይሳን የሪዮ ሩጫ ስምንተኛ አድርገነዋል፤ የጎጆ ተማሪዎች አምስተኛ ይሁን ብለው እስከ ሌሊቱ አራት ሰዓት ተሟገቱን፤ እኛም ወደ ሰባተኛ ከፍ ልናደርገው ተስማምተን ወደ መኝታችን ሄድን።